ባሕር የማይደርሰውን ወንዝ ለመከተል፤ በጂቡቲ ከተማ የተመከረ የእግር ጉዞ

በጂቡቲ ከተማ ተወልዶ የሚያድግ የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር የአምቡሊን ድልድይ ሲሻገር ወደ ታች ተመለከተና፣ «ወንዝ ማለት ድልድይ የተሠራለት አሸዋ ነው?» ብሎ ጠየቀን። በጊዜው ሁላችንም ሳቅን። ማታ ቡና ተፈልቶ በተቀመጥን ጊዜ ግን የልጁ ጥያቄ ተመልሶ መጣና ሳቁን አጠፋው። ልጁ የተናገረው ያየውን ነውና አልተሳሳተም። አባቱና እናቱ በወንዝ ዳር አደጉ፤ እርሱ ግን ወንዝን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ካርታ ላይ በተሰመረው ሰማያዊ መስመር ብቻ ነው።

በእርግጥም የጂቡቲ ሪፐብሊክ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ የላትም። በከተማዋ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት ከ200 ሚሊሜትር በታች ነው። በሸለቆዎቿ የሚታዩት ሁሉ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሆነው የሚቆዩ፣ ዝናብ በጣለ ዕለት ግን በድንገት የሚሞሉ የጎርፍ መውረጃዎች ናቸው። አምቡሊም ከእነዚህ አንዱ ነው። ደረቅ ነው ብሎ የናቀው ሰው ይጎዳል። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004) በድንገት ሞልቶ ቤቶችን አፈረሰ፤ አያሌ ሰዎችንም ገደለ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. (በ2019) ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። አባቶች «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ማለታቸው ለሚፈስሰው ውሃ ብቻ ሳይሆን ለደረቀውም ጭምር መሆኑን በዚህ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያ ምሽት በቡናው ዙሪያ የተሰበሰብነው አራት ቤተሰብ ነበርን። ለልጆቻችን እውነተኛ ወንዝ ማሳየት እንዳለብን ለመስማማት ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም። የትኛው ወንዝ እንደሚሆንም አልተከራከርንም፤ ከዚህ ቅርብ የሆነው አዋሽ ነውና። ክርክሩ የተነሣው በኋላ፣ «እንዴትና መቼ እንሂድ? ማንስ ይሂድ?» በተባለ ጊዜ ነበር። ይህንንም ምክራችንን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፣ እንደ እኛ የበረሃ ጉዞ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። 1,200 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። በመንገዱም የቆቃን ግድብ ይሞላል፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በፏፏቴ ይወርዳል፤ ከዚያም የአፋርን ምድር እያጠጣ ወደ አሳይታ ይዘልቃል። የሰው ዘር ታሪክ በሚጠናበት ዓለም ስሟ የታወቀው ሉሲ፣ እኛ ድንቅነሽ የምንላት፣ በ1967 ዓ.ም. (በ1974) የተገኘችው በዚሁ ወንዝ ሸለቆ፣ በሐዳር ነው። የሚያስደንቀው ግን የወንዙ መጨረሻ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር ከተያያዘው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ 100 ኪሎሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ድንበር በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሐይቁ መውጫ የለውም። የመጣለትን ውሃ ፀሐይ ትጠጣዋለች፤ ጨውም ለሐይቁ ይቀራል።

ይህን የወንዝ መጨረሻ ለማየት ብዙ ሰዎች ደክመዋል። በግብፅ መንግሥት አገልግሎት የነበረው የስዊስ ተወላጁ ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. (በ1875) ከነወታደሮቹ ወደ አውሳ ሲገባ ተገደለ። በ1920 ዓ.ም. (በ1928) ኔስቢት የተባለው እንግሊዛዊ ከሁለት ኢጣልያውያን ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ወደ ሰሜን አቋረጠ፤ ከአገልጋዮቹ ግን ሦስቱ በመንገድ ተገደሉበት። የወንዙን መጨረሻ እስከ አቤ ተከትሎ ያረጋገጠው አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት 1926 ዓ.ም. (1933–1934) በግመል ተጉዞ አውሳን አልፎ አቤን አየ። ከዚያም በአሳል ሐይቅ በኩል በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ከግመሎቹ አብዛኞቹ አለቁበት። እርሱ ግን ታጁራ ደረሰ፤ ከዚያም በጀልባ ወደዚህ ወደ ጂቡቲ ከተማ ተሻገረ።

የቴሲጀርን ጉዞ ስናነብ የሚያጓጓን ጀግንነቱ ብቻ መሆን የለበትም። ጉዞውን በጀመረ ጊዜ በአካባቢው ጦርነት ስለ ነበረ የኢትዮጵያ መንግሥት አስጠርቶ አዲስ አበባ መለሰው። እርሱም ተመልሶ ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቃዱን ሲያገኝም እንደገና ተነሣ። በአውሳም ከሱልጣኑ ከመሐመድ ያዮ ዘንድ ቀርቦ ሳይፈቀድለት አላለፈም። እንግዲህ የሃያ ሦስት ዓመቱ ጎልማሳ ያተረፈው ድፍረቱ ብቻ አይደለም፤ መጠየቅንና መታገሥንም ያውቅ ነበር።

ወደ ራሳችን ምክር እንመለስ። ከመካከላችን ወጣቶቹ ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነበር፤ በጋላፊ ድንበር ወደ ኢትዮጵያ ገብተን፣ በሎግያ በኩል አሳይታ ደርሰን፣ ከዚያ ወንዙን በእግር እየተከተልንና በድንኳን እያደርን በአምስት ቀን እስከ አቤ እንውረድ አሉ። በቀጥታ ቢለካ ከአሳይታ እስከ ሐይቁ 50 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ በወረቀት ላይ ቀላል መሰለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከእነርሱ ጋር አብሮ የተደሰተ አዋቂም አልጠፋም።

በማዕዘኑ ተቀምጠው ቡናቸውን የሚጠጡት ግን ከቀድሞው የባቡር ድርጅት በጡረታ የተገለሉ ጎረቤታችን ነበሩ። የአዋሽን ድልድይ በባቡር ስንት ጊዜ እንደ ተሻገሩ ራሳቸውም አያውቁትም። ልጆቹ አባባ እያሉ ይጠሯቸዋል። ጭብጨባው ሲያበቃ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ስንት ሊትር ውሃ ትይዛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፋ።

ዝም ያልንበት ሌላም ምክንያት ነበረን። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ከመካከላችን አምስት ሰዎች ከዲኪል ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ሸለቆ ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ወጥተን ነበር። የተነሣነው አርፍደን ነው፤ የያዝነውም ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ብቻ ነበር። ከቀትር በፊት አንደኛው ጀሪካን ተሰንጥቆ ውሃው መፍሰሱን አየን። ከቀትር በኋላ አንዱ ጓደኛችን መናገር ሲያቅተውና የት እንዳለ ሲጠፋው አገኘነው። ላቡ ቆሞ ቆዳው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ፍየል የሚጠብቅ አንድ የአፋር ሽማግሌ ጥላ ወዳለበት ወስዶ፣ በራሱ አቁማዳ ውሃ ልብሱን አርሶ፣ ጓደኛችንን ባያቀዘቅዝልን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሌላ መንፈስ ይሆን ነበር። ከተመለስን በኋላ ነገሩን ለቤተሰቦቻችን በሙሉ አልተናገርንም። በዚያ ምሽት ግን ተናገርን። ከእናቶቹ አንዷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ልጆቹን የምሰጣችሁ ሒሳቡን በወረቀት ካየሁ በኋላ ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ምክሩ ምክር ሆነ። ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን ጻፍን። በበረሃ በእግሩ የሚሄድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል በላብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው ስምንት ሊትር መደብን። ስድስት ሰዎች በአምስት ቀን 240 ሊትር ይፈልጋሉ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሸክሙ 240 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ግመል 150 ኪሎ ያህል ቢጭን፣ ለውሃው ብቻ ሁለት ግመሎች ያስፈልጋሉ። «ወንዙ አጠገባችን አይደለምን? ለምን ውሃ እንሸከማለን?» ያለ ሰው ነበር። የአዋሽ ውሃ በዚያ አካባቢ ደፍራሽ ነው፤ ከላይ የእርሻና የከተማ እጣቢ ይገባበታል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ማዳበሪያንና ጨውን ግን አያስወግድም። የአቤ ሐይቅ ውሃ ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ ከቶ አይጠጣም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የመጠጥ ውሃችንን ከከተማ ይዘን ለመሄድ ወሰንን።

ሁለተኛው ጥያቄ ጊዜው ነበር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚነፍሰውን ትኩስ ነፋስ በጂቡቲ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የደጋው ክረምት የሚያወርደው ውሃ ታችኛው አዋሽ ላይ የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ (በ2020) ወንዙ ከአፋፉ ወጥቶ በአፋር ክልል ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ስለዚህ ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። እኛም ጥርን መረጥን። በጥርም ቢሆን መነሻው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማረፊያው ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ዳግመኛ መነሻው ከቀኑ አሥር ሰዓት እንዲሆን ተስማማን። በመካከሉ ያለው ጊዜ የጥላና የእንቅልፍ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ፈቃድ ነው። አቤ በድንበር ላይ ያለ ሐይቅ ነው። የወንዙን ዳርቻ ይዞ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገር ሕጋዊ መንገድ አይደለም፤ የሚታለፈው ፓስፖርት በሚታተምበት በር ብቻ ነው። የወጣቶቹ ሐሳብ ትልቁ ስሕተት ይህን መርሳቱ ነበር። ካርታው ላይ መስመሩ ስላልታያቸው መሬቱም ላይ የሌለ መስሏቸው ነበር። ደግሞም የአካባቢው ሁኔታ ከዓመት ዓመት ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰዎችን ከቀያቸው ማስነሣቱን እናስታውሳለን። ስለዚህ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በየወገኑ ካሉት የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ጠይቆ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል።

ከጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ሌላ የበረሃው ሰዎች ራሳቸው ያላቸው ድንቅ የወሬ መለዋወጫ አለ። ይኸውም ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ከሰላምታ በኋላ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይነጋገራሉ፤ ውሃ የት እንዳለ፣ ሣር የት እንደ በቀለ፣ የት ሰላም የት ጠብ እንዳለ ይነገራል። ሰው የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማስተላለፍ ይጠበቅበታል። ስለሆነም የአገሩን ተወላጅ መሪ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ከሁሉ የላቀ ዜና አብሮት ይሄዳል። መሪው የሚያዘው በመንደሩ ሽማግሌዎች በኩል ሲሆን፣ ዋጋውም አስቀድሞ በግልጽ ይነገራል። ሳይጠይቁ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ሰዎች በሚቀዱበት የውሃ ጉድጓድ መታጠብ ነውር ነው።

ስለ ሰፈሩም ተነጋገርን። ድንኳን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከልም፤ አሸዋው ለስላሳና ምቹ ቢመስልም ጎርፉ የሚመጣው እኛ ከማናየው ተራራ ላይ በዘነበ ዝናብ ነው። አምቡሊን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሌላ ምስክር አያሻውም። በአዋሽ ዳርም ቢሆን ከውሃው ርቆ ከፍ ያለ ቦታ መምረጥ ይገባል፤ በወንዙ አዞና ጉማሬ አሉ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣልና የሚመላለስበትን ጎዳና መዝጋት አደገኛ ነው። ውሃ መቅዳትም በምሽት አይሆንም። በሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ላዩ የደረቀ፣ ውስጡ ግን የሚያሰጥም ጭቃ ስላለ መሪው ያልረገጠውን ማንም አይረግጥም።

አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው አስፈላጊ ነው። ከእስያ የመጣችውና በከተማ ውስጥ የምትራባው የወባ ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በዚሁ በጂቡቲ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ጥቂት የነበረው የወባ በሽተኛ ቁጥር በ2020 ከ70 ሺህ በላይ ደርሷል። ስለ ስንቁ እናቶች ብዙ መምከር አላስፈለጋቸውም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በሙቀት የማይበላሹ የመንገደኛ ወዳጆች ናቸው። ተቅማጥ ወይም ብዙ ላብ ላደከመው ሰው ደግሞ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት እንደሚገባ በወረቀታችን ራስጌ ጻፍነው።

ይህ ሁሉ ከተመዘነ በኋላ የመጀመሪያው ሐሳብ በሁለት ተከፈለ። ከአሳይታ ተነሥቶ የወንዙን ዳር በእግር የሚሄደው ቡድን አምስት ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን ብቻ፣ አዋቂዎችን ብቻ ይዞ፣ ከአፋር መሪዎችና ከሁለት ግመሎች ጋር ይጓዛል፤ ወደ አሳይታም ይመለሳል። ልጆቹ፣ እናቶቹና ሽማግሌው በጂቡቲ በኩል 120 ኪሎሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ዲኪል በመኪና ሄደው፣ ከዚያ በአስ ኤይላ በኩል ወደ አቤ ይወርዳሉ። በዚያም ሐይቁ ከዛሬው በጣም ከፍ ያለ በነበረበት ዘመን ፍል ውሃ የሠራቸውን፣ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱትን የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ያያሉ፤ ፍላሚንጎዎችንም ይመለከታሉ። ወጣቶቹ በመጀመሪያ ቅር አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ይህ ጉዞ አይደለም፤ ሽርሽር ነው» አለ። ባለፈው ግንቦት ራሱን ስቶ የነበረው ጓደኛችን ግን፣ «ሽርሽር ሄዶ መመለስ ያስደስታል» ሲል መለሰለት። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።

አንድ ነገር ቀረ። ሽማግሌው አዋሽን ሲፈስስ ዳግመኛ ማየት እንደሚመኙ ሁላችንም እናውቅ ነበርና ከአሳይታው ቡድን በመቅረታቸው እንዳያዝኑ ፈራን። እርሳቸው ግን፣ «እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ስንት ዘመን ሸኝቼዋለሁ። አሁን ደግሞ መጨረሻው ላይ ተቀምጬ ልቀበለው። ወንዙ ራሱ ወደ እኔ ይመጣል» አሉ።

ባለፈው ዓርብ ለልምምድ ያህል ከከተማው ወደ ላይ ከፍ ወዳለችውና ነፋሻ ወደ ሆነችው ወደ አርታ ወጥተን ሦስት ሰዓት ያህል በእግራችን ሄድን። ልጆቹ የየራሳቸውን ኮዳ ያዙ። ሦስት ልጆች ገና በመጀመሪያው ሰዓት ውሃቸውን ጨረሱ። አንድ ጫማ ተቀደደ። አንደኛው ድንኳን ካስማው ጎድሎ ተገኘ። በዚህ ደስ አለን፤ በጥር በበረሃ የሚያስለቅሰን ነገር በኅዳር በአርታ አስቆናልና። ካስማው ተገዝቷል፤ ጫማውም ለሰፊ ተሰጥቷል።

ያ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ኮዳውን ግማሽ አድርሶ ነበር የተመለሰው። ለምን እንዳልጠጣው ስንጠይቀው፣ «ወንዙን ሳየው አብሬው ልጠጣ ነው» አለን። አዋሽ የሚጠጣ ውሃ እንዳልሆነ፣ ውሃንም ማስቀመጥ ሳይሆን በየሰዓቱ መጠጣት እንደሚገባ ነገርነው። ጥቂት አሰበና ክዳኑን ከፍቶ ጠጣ። በወረቀታችን ግርጌም አንድ መስመር ጨመርን፤ የልጆቹን ኮዳ በየሰዓቱ የሚመለከት አንድ ሰው ይመደብ የሚል ነው። ወረቀቱን ያን ጊዜ ለእናትዮዋ ሰጠናቸው። እርሳቸውም ከላይ እስከ ታች አንብበው ፈረሙበት።